የዝንጉርጉሩ ቆራጭ

ምላጯን የማያውቅ የተክል ነጋዴ ካለ፣ ሥራውን ትናንት የጀመረ መሆን አለበት። ስሙን ያወጡላት ችግኝ የሚፈላበት የላስቲክ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አንድም በምላጭ ስለምትቆርጥ፣ አንድም ምላሷ ስለማይምር። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ ፊርማ በቀር የሚያስታውሰው የለም። አምሳ አራት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ቀልደኛም ናት፤ ቀልዷ ግን ደም ያወጣል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከላስቲክ ቤቱ ጥግ፣ ደህና ብርሃን ከሚገባበት ቦታ፣ አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቆርጣለች። በርጩማዋ ላይ ሌላ ሰው አይቀመጥም። አንድ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ሳያውቅ አረፍ ቢልባት፣ «ተመቸህ? ትራስ ላምጣልህ ወይስ ብርድ ልብስ?» ብላ አስነሥታዋለች።

የምትቆርጠው ምን መሰላችሁ? ቅጠል። አይበላ፣ አይሸት፣ ጥላ አይሆን። ሠራተኞቹ «ዝንጉርጉሩ» ይሉታል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ነጭ፣ ቤት ሲቀባ ከአጠገቡ ቆሞ ኖራ የተረጨበት ይመስላል። ሰው ግን ለአንዲት ባለ ሁለት ቅጠል ችግኝ የፍሪጅ ዋጋ ከፍሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይወስዳታል። መጀመሪያ የሰማ ሁሉ «ሰው አብዷል» ይላል። እሷም ብላለች።

ውድነቱ ግን እንዲያው በባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ከብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴው ብቻ ነው፤ ነጩ ሥራ ፈት ነው፣ በአረንጓዴው ጫንቃ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ተራው ተክል አምስት ቅጠል ሲያወጣ ዝንጉርጉሩ እያዛጋ አንድ ያወጣል። ፍሬውን ልዝራ ቢሉ ነጩ አብሮ አይመጣም፤ ያለው መንገድ ከእናቲቱ ግንድ ቆርጦ ማጽደቅ ነው። ግንዱ እንደ ሸንኮራ አንጓ አንጓ አለው፤ በየአንጓው አንዲት ጉጥ አለች፤ የሚያቆጠቁጠው ከእሷ ነው። ግንዱን ይዞ የሚወርድ የክር ያህል የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። መስመሩ በጉጧ ሥር ካለፈ ልጅየው ዝንጉርጉር ይሆናል። ከሳታት አረንጓዴ ነው፣ በየቢሮው ኮሪደር ቆሞ አቧራ የሚጠጣው ዓይነት። ጉጧ ጭራሽ ነጭ ላይ ከተቀመጠች ደግሞ ቡቃያው እንደ ወረቀት ነጥቶ ይወጣና ራሱን መመገብ አቅቶት ይሞታል። አንድ እናት ግንድ ለመድረስ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከአሥራ ስድስት አንጓ አምስት ስድስቱ ከቀና እሰየው ነው።

እንግዲህ የምላጯ ሥራ ይህ ነበር። ግንዱን ታጋድማለች፣ ቅጠሉን ትመለምላለች፣ አንጓ አንጓውን ትቆርጣለች፤ መስመር ያለበትን ቀኝ ሣጥን፣ የሌለበትን ግራ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። የቀኙ ሣጥን እንዲያቆጠቁጥ ሙቀት ክፍል ይገባል። የግራው ለተራ ተክል ገበያ ይሄዳል፣ በጅምላ፣ በርካሽ። ሥራው የእጅ ይምሰል እንጂ የዓይን ነው። ምላጭማ ፀጉር አስተካካዩም ይይዛል።

ዓይኗ ደግሞ ከዳት።

የዛሬ ሰባት ወር ገደማ ነው የጀመራት። ሰው ስታይ ፊቱ ይጠፋና ጆሮውና ትከሻው ይቀራል። ጽሑፍ ስታይ መሀሉን አይጥ የበላው ይመስላል። ለማንም ሳትነግር ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ መብራት አበራችባት፣ አጠፋችባት፣ በመጨረሻም የዓይኗ ጀርባ ማርጀቱን፣ መነጽርም ኦፕራሲዮንም እንደማይመልሰው በለሰለሰ አፍ ነገረቻት። «ጭልጥ ብሎ አይጨልምም፤ ዳር ዳሩ ይኖራል። የሚሄደው መሀሉ ነው» አለቻት። «ልጄ፣ እኔ የምበላው በመሀሉ ነው» አለቻት ምላጯ። ሐኪሟ አልገባትም፤ እሷም አላስረዳቻትም።

የሆዷን በሆዷ ይዛ ሥራዋን ቀጠለች። ጎን ለጎን ማየት ተማረች። ግንዱን በውሃ ማርጠብ ጀመረች፤ ሲረጥብ ነጩ ትንሽ ይብለጨለጫልና። ጉጧን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ ጉጥ ትዳበሳለች። ቀለም ግን በጣት አይዳበስም። በዚያ መሀል የመጣው ሥራ ጥቃቅን ስለነበር እንደምንም አለፈ።

ለማን ትንገር? ለታናሽ እህቷ? ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት አንዷ ሃያ አንድ፣ አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ምላጯ ሊያገባት የመጣውን ሰው «እህቴን ይዤ ነው የምመጣው» ብትለው፣ ሰውየው ሊያስብበት ሄዶ እስካሁን እያሰበበት ነው። ታናሽየው አድጋ አገባች፣ አልሆነላትም፣ ተመለሰች፤ ይኸው ሁለቱ በሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። ስምንት ዓመት ሆናት እሷም እዚያው የላስቲክ ቤት ትሠራለች። የሙቀት ክፍሉ ቁልፍ በእጇ ነው። የቀኙን ሣጥን በእርጥብ የኮኮናት ቃጫ ተክላ የምትጠብቀው፣ የግራውን ገበያ ዳር ላለችው አበባ ሻጭ የምታደርሰው እሷ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ምላጯ የሁለቱንም ድርሻ ስለምታወራ ይሆናል። «እትዬ የቆረጠችው አይስትም» ማለት ትወዳለች፤ ለሰው ሁሉ ትላለች። እንዲህ ለምትል ልጅ ዓይኔ ጠፋ ብሎ መንገር እንዴት ይሆናል? ምላጯ አልቻለችበትም።

የላስቲክ ቤቱ ባለቤት ዱሮ መጋረጃ ሻጭ ነበር። በፊቱ «ጋሼ»፣ በሌለበት «ጋሽ መጋረጃ» ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ስለ ተክል የሚያውቀው ዋጋውን ነው፤ የቀረውን የሚያውቁለት ሰዎች አሉት። አንድ ደመና የከበደበት ማክሰኞ መጣና፣ «ምላጯ፣ ትልቋን እናት ዛሬ አጋድሚያት። ስድስት ደንበኛ አስቀድሞ ከፍሎ እየጠበቀ ነው» አላት።

ግንዱን አመጡላት። አሥራ ስድስት አንጓ ነበረው። አረጠበችው፣ አዘነበለችው፣ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው፤ የቱ ብርሃን? ሰማዩ አመድ ለብሷል። ነገ ይሁን ልትል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ነገ ይሁን ብላ አታውቅም። አንዷን አነሣች፣ ዳበሰች፣ በዓይኗ ዳር አየች። «ታየኝ» አለች ለራሷ። ሌላዋንም «ታየኝ» አለች። ሰው ራሱን ሲያታልል ምስክር አይጠይቅም። ስድስቱን ቀኝ፣ አሥሩን ግራ አድርጋ ምላጩን ጠርጋ ተነሣች። ታናሽ እህቷ ሣጥኖቹን ተቀብላ ቀኙን ወደ ሙቀት ክፍል፣ ግራውን ወደ አበባ ሻጯ ወሰደች፤ እንደ ወትሮው።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሙቀት ክፍሉ ስድስት አንዷ በሰበሰች፣ አምስቱ አቆጠቆጡ። አምስቱም አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ ተራ አረንጓዴ! ጋሽ መጋረጃ አንድ በአንድ እያነሣ አየና ወጣ። ከሰዓት በኋላ በገበያው በኩል ሲያልፍ ደግሞ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አበባ ሻጯ መደብ ላይ፣ በቲማቲም ጣሳ የተተከሉ አምስት ዝንጉርጉሮች። እሷ የምታውቀው ነገር የለም፤ «ዘንድሮ ቅጠሉ በሽታ መታው መሰለኝ፣ ነጣ ነጣ አለብኝ» ብላ በግማሽ ዋጋ ልትሰጠው ሞከረች። እሱ ግን አላመናትም። አምስት ከዚያ ጠፋ፣ አምስት እዚህ ተገኘ። በመሀል ሣጥኑን የያዘው ማን ነው? ቁልፉስ ያለው በማን እጅ ነው? የምላጯ እጅ ተሳሳተ የሚል ሐሳብ በአጠገቡም አላለፈም።

ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ታናሽየውን ጠራት። «ከቀኙ ሣጥን አውጥተሽ በተራው ተክተሻል» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የነካሁት ነገር የለም!»

«ታዲያ ራሳቸው በእግራቸው ሄዱ? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አሉ። ቁልፉን አስቀምጪ። ፖሊስ ያልጠራሁት ለእህትሽ ስል ነው፤ እሷን አመስግኚ።»

ምላጯ በርጩማዋ ላይ ነበረች። ነገሩ በአንድ ጊዜ ነው የገባት፤ ደመናው፣ ግንዱ፣ «ታየኝ» ያለችው ሁሉ ተሰብስቦ መጣባት። የቀኙን ግራ፣ የግራውን ቀኝ ያደረገችው ራሷ ናት። ተነሥታ መጮህ ነበረባት። በዚያች ምላሷ ስንቱን ያሳፈረች ሴት፣ የዚያን ቀን አንገቷን ደፍታ ምላጩን ስትጠርግ ቆየች። ታናሽ እህቷ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ሻርፗን አንሥታ ወጣች። ሠራተኛው መንገድ ለቀቀላት፤ ሌባ ሲያልፍ እንደሚደረገው፣ ኪሱን እየያዘ።

ሌላው ሰው ቢሆን እፈርድበት ነበር። እሷም ላይ እፈርድባታለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ምላጩን ከእጇ ብትወስዱባት እሷ ማን ናት? ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የተማረችው ነገር የለ። ያላት «እሷ አትስትም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ነገ እናገራለሁ እያለች ስድስት ቀን ሥራ ሄደች። ስድስት ቀን እዚያችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የሚቆረጥ ነገር ሲመጣ «ወገቤን አሞኛል» አለች፣ ሰዉም በእህቷ ነገር አዝና ነው ብሎ አዘነላት። ማዘናቸው ከስድብ ባሰባት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ታናሽየው ዕቃ ታጥባለች፣ ያጠበችውን ደግማ ታጥባለች። ከቤት አትወጣም። ሱቅ ስትሄድ ባለሱቁ «ሥራ ቀረሽ እንዴ?» ስላላት ዘይት ሳትገዛ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሳህን እያደረቀች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እትዬ፣ አንቺስ ታምኚኛለሽ?» አለቻት።

«አምንሻለሁ» አለች ምላጯ።

«በቃ፣ አንቺ ካመንሽኝ ይበቃኛል» አለችና ሳህኑን ደረደረች። ምላጯ ከዚያ ወዲያ ምግብ አልወርድ አላት። እህቷ ደግሞ በእሷ ነገር የተጎዳች መስሏት «ብይ እንጂ፣ እኔ ደህና ነኝ» ትላታለች። ይህን የሚችል አንጀት የማን ነው?

በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ «ተነሺ፣ ልበሺ» አለቻት።

«ወዴት?»

«ወደ ሥራ።»

«እትዬ፣ ልመና ልትገቢልኝ ከሆነ አልሄድም። አልሰረቅኩም፤ ይቅርታ አልጠይቅም።»

«አንቺ አይደለሽም የምትጠይቂው» አለችና ሻርፗን አቀበለቻት።

ጋሽ መጋረጃ ቢሮ ውስጥ ቆማ አንድ ትንፋሽ ሳትስብ ነገረችው። ዓይኗን፣ ሐኪሟን፣ ሰባቱን ወር፣ ያንን ማክሰኞ። ታናሽየው በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች፤ ፊቷ ምን እንደሚመስል ምላጯ አላየችም፣ የማይታያት ፊት ነውና። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ምላጯ፣ አንቺን አከብርሻለሁ። ለእህትሽ ስትይ ዓይንሽን ልታጠፊ? የላስቲክ ቤቱን በር ማታ ማታ የምትቆልፊው አንቺ፣ መንገድ ብቻሽን የምትሄጂው አንቺ! ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ሳታዪ ኖረሽ እኔ ሳላውቅ?»

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው።»

«እናት ነሽላትና ልጅሽን ላድን ብትይ አልፈርድብሽም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

አያችሁ፣ ሰባት ወር አሳምራ የደበቀችው ነገር ዛሬ ልግለጠው ስትል እንቢ አላት። ለመነች፤ መለመን አትችልበትም፣ የተሳደበች ያህል ነበር የምትጮኸው። በመጨረሻ ሰውየው አሰበና ወጣ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ እፍኝ ሙሉ የተቆረጠ አንጓ ይዞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ሁለተኛዋን እናት ቆርጫታለሁ» አላት።

«ምን?» ምላጯ ከምር ደነገጠች። «በማን እጅ?»

«በራሴ።»

«በራስዎ! በምን? በኩሽና ቢላ? ወይ አምላኬ፣ ሦስት ዓመት የጠበቅናት! እርስዎ መጋረጃ አይቆርጡም እንዴ፣ ማን አስነካዎት?» አንዷን አንሥታ የተቆረጠችበትን አፍ ዳበሰች። «ይኸው ጨፍልቀዋታል። ምላጩን አምጡልኝ፣ ውሃ አምጡልኝ፣ ሳይደርቁ እንለያቸው።»

በዚህ ጊዜ ለምን እንደመጣች ረስታ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሥር አንጓ ነበር። አንድ በአንድ አረጠበች፣ የተጨፈለቀውን አፍ አስተካክላ ላጨች፣ ወደ መስኮቱ አቀረበች፣ አንገቷን አጣማ በዓይኗ ዳር አየች። የጠዋት ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ገብቷል። ልቧ የሚመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አለመሳት። እህቷ በር ላይ መቆሟን፣ አለመሳቷ እህቷን ሌባ አድርጎ እንደሚያስቀራት፣ ይህን ሁሉ አላሰበችም። ስድስቱን ወደ ግራ ገፋች። አራቱን ወደ ቀኝ ደረደረች፣ አራተኛዋ ላይ ቆይታ፣ ደግማ ዳብሳ።

«እነዚህ አራቱ ንጹሕ ናቸው» አለች። ድምፅዋ የዱሮው ነበር። «መስመሩ በጉጣቸው ሥር ጥንቅቅ ብሎ አልፏል። በእነዚህ እምላለሁ።»

ጋሽ መጋረጃ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል ተሰማት።

«ሁለተኛዋ እናት አልተቆረጠችም» አለ ቀስ ብሎ። «እነዚህን ከተራው መደርደሪያ ነው ያመጣኋቸው። አሥሩም ተራ ናቸው። አንዱም መስመር የለበትም፣ ምላጯ።»

እጇ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኔ ጠፋ ብሎ ሊዋሽ የመጣ ሰው «አልታየኝም» ይላል እንጂ እንዲህ አድርጎ በተራ እንጨት ይምላል? ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ሲታለልና ሳይታለል ያውቃል። ተነሥቶ ወደ ታናሽየው ሄደ። «እህቴ፣ በድዬሻለሁ። ቁልፉ ያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» አላት። እሷ ግን ቁልፉንም እሱንም አላየችም። ወደ እህቷ ቀረበች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐኪም ቤት የሄድኩ ዕለት። ሰባት ወር ሆነኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። የእኔ ስርቆት የአንቺ እጅ መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ምላጯ ዋሽታ አታውቅም ለማለት አይቻልም፤ ይህን ስንሰማ ቆይተናል። አሁን ግን አልዋሸችም።

«የዚያኑ ዕለት» አለች።

«ቁልፉን ሳስቀምጥ?»

«ቁልፉን ሳታስቀምጪ በፊት።»

«ታምኚኛለሽ ወይ ብዬ የጠየቅኩሽስ ጊዜ?»

ጋሽ መጋረጃ እንኳ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ምላጯ ምላጩን በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ተወችና ግድግዳውን በእጇ እየተከተለች ወጣች፤ መደበቅ ስለቀረላት እንደዚያ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር።

ታናሽየው ከኋላዋ ወጣች፣ አለፈቻት፣ ከፊቷ ቀድማ መራመድ ጀመረች። ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች። ምላጯ የሚታያት የሻርፗ ጫፍና ሁለት ተረከዝ ነው፤ እሱን ተከትላ ሄደች። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ተረከዞቹ ቆሙ። መኪና ያልፋል፣ ሞተር ብስክሌት ያልፋል። ታናሽየው ወደ ኋላ ተመለሰችና ክርኗን ያዘቻት፤ አያያዟ ሻካራ ነበር፣ ቁጣ ያለበት።

መንገዱን ተሻገሩ። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ስልክ ጠጋኙን አለፉ። ሰፈር ሊገቡ ሲሉ ምላጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

ታናሽየው ክርኗን አልለቀቀችም።

«እሱ ገና ነው፣ እትዬ» አለች። «አሁን ደረጃ አለ፤ እግርሽን አንሺ።»